የጎማ ማጣመጃ፦ አራቱም ጎማ እኩል እንዲዞር

የጎማ ማጣመጃ የግራውና የቀኙ ጎማ በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስገድድ የመኪና ክፍል ነው። በጋራዥ «ዲፈረንሻል ሎክ»፣ ባጭሩም «ዲፍ ሎክ» ይባላል። «መቆለፊያ» ብንለው ጎማውን የሚያቆም ይመስላል። ሥራው ግን ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ቀንበር እንደ ጥማድ በሬ ማጣመድ ነው፤ አንዱን ቢያዳልጠው ሌላው ይጎትታል።

ጥቅሙን ለመረዳት ከዲፈረንሻል መነሳት ያስፈልጋል። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ስለሚፈቅድ በአስፋልት ላይ መኪናው ሳይንገራገጭ ይታጠፋል። ሆኖም ለሁለቱም የሚያደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል እኩል ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው ሲያጣ በትንሽ ኃይል ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛውም ያችኑ ትንሽ ኃይል ብቻ ያገኛል። በዚያ ኃይል ደግሞ መኪና አይንቀሳቀስም።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ይዞ ጭቃ ላይ የሚቀር ሰው የሚገረመው በዚህ ነው። በክረምት የሞረትና ጅሩ ወረዳን መረሬ አፈር ያስቡ። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጥና ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርሱንም ይደፍናል። ከፊት የቀኙ፣ ከኋላ የግራው ጎማ ጭቃ እየረጩ ይሽከረከራሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ፍሬን እንደተያዘባቸው ቆመዋል። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የሚሽከረከሩት ጎማዎች ጉድጓዳቸውን ያጠልቃሉ እንጂ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

ማጣመጃው ሲገባ ይህ ይቀራል፤ የሚሽከረከረው ጎማ ጓደኛውን ትቶ ብቻውን መሮጥ አይችልም። ከፋብሪካ የፊትም የኋላም ማጣመጃ በተገጠመላቸው ላንድክሩዘሮች በሚዞር ማብሪያ መጀመሪያ የኋላው፣ ቀጥሎ የፊቱ ይገባል። ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት በርቶ ሲጸና ማጣመጃው ገብቷል ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው። ማጣመጃ የሚገባው ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት፣ መኪናው ቆሞ ወይም በጣም በዝግታ እየሄደ ነው። ጎማ በኃይል እየተሽከረከረ ማስገባት የማጣመጃውን ጥርሶች ሊሰብር ይችላል። ከገባ በኋላ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መንዳት ይገባል። የፊቱ ሲገባ መሪው ስለሚከብድ መኪናው መታጠፍ ይቸግረዋል። በጎን በሚያዘነብል ጭቃ ላይ ደግሞ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች አብረው ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ጠንካራ መሬት ላይ እንደተወጣ ወዲያው መፍታት ግድ ነው፤ በደረቅ አስፋልት ተጣምሮ መታጠፍ ጎማ ይበላል፣ የጎማ ዘንግም ሊሰብር ይችላል።

ማጣመጃ ሁሉን አይችልም። የመኪናው ሆድ ጭቃው ላይ ከተቀመጠ ጎማዎቹ የሚረግጡት ስለሌላቸው መፍትሔው አካፋ፣ ሳንቃ ወይም ዊንች ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማንም አይተካም።

ወደ ገጠር የምትነዱ ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባ መኪናችሁ ማጣመጃ እንዳለው አረጋግጡ፤ ካለውም ደረቅ የአፈር መሬት ላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ አስገብታችሁና ፈትታችሁ ተለማመዱ።