«ልጄ፣ ይሄ ለየትኛው በዓል ነው?»፦ የከረጢትና የበዓል ማስጌጫ ሥራችን ታሪክ



ባለፈው ዓመት ለፈረንጆች ገና የሚንጠለጠሉ ትናንሽ የጨርቅ ኮከቦች ሰፍተን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ትእዛዙ የ150 ኮከብ ነበር። ከጋራ ቁጠባችን ገንዘብ አውጥተን ከአሶሳ ቀይ ጨርቅ፣ ጥጥና ወርቃማ ክር ገዛን፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በእጃችን ሰፋን። ገዢው 60ውን ብቻ ወሰደ። የቀረው «በዓሉ አልፏል» ተብሎ በጆንያ ተመለሰልን። ጆንያው ቤቴ ጥግ ተቀምጦ ሳለ አንዲት የበርታ እናት፣ ጎረቤቴ፣ ቡና ሊጠጡ መጡ። አንዱን ኮከብ አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ለየትኛው በዓል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። የእሳቸው ዒድና አረፋ አይደለም፤ የእኔም እንቁጣጣሽ አይደለም።

ጥያቄው እስካሁን አልለቀቀኝም። ያ ጨርቅ የተገዛው በአባላት ቁጠባ ነው። ከመካከላችን ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ወርቅ እያጠቡ ካገኙት ላይ የሚያዋጡ እኅቶች አሉ። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ነገር ለማየት ሞከርኩ፦ እናቶቻችን በእጃቸው የሠሩትን ለማን ይሠሩ ነበር? ይህ ጽሑፍ ያገኘሁትን ለእናንተ ለማካፈል ነው።

ስፌት በወስፌ ይጀምራል

ዛሬ «ስፌት» ሲባል ቶሎ የሚታየን የልብስ ስፌት መኪና ነው። ለእናቶቻችን ግን ስፌት ማለት በመጀመሪያ የሣር ሥራ ነበር። ስንደዶና አክርማ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በወስፌ እየተወጋ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ ሌማትና ሞሰብ ይሆናል። ሥራው ለወንድና ለሴት የተከፋፈለ ነበር። ጥጡን ሴት ትፈትላለች፤ ወንድ ሸማኔ ይሸምናል። የስፌት መኪና ወደ ከተሞች ከገባ በኋላም በየሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መኪናውን የሚረግጠው በአብዛኛው ወንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሴቲቱ ወስፌዋን ይዛ እቤቷ ቀረች። የሠራችውን የተረፈ እንደሆነ ወደ ገበያ ታወጣዋለች፤ አስቀድማ የምትሠራው ግን ለልጇ ሠርግ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለእንግዳ መቀበያ ነበር።

እናቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥታ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስትመጣ ከያዘቻቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ወስፌዋ ነበር። እኔ የተወለድኩት በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ነው። እናቴ ትለው እንደነበረ፣ በመጀመሪያው ዓመት የምትሰፋበት ሣር አላገኘችም። አካባቢው ግን በቀርከሃ የተሞላ ነው፤ ቤቱም አጥሩም ቅርጫቱም ቀርከሃ። የጎረቤቶቿን የቀርከሃ ቅርጫት አይታ «ይሄም ስፌት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎረቤቶቿ ጋር ዕቃ መዋዋስ ጀመረች። ቋንቋ ሳይገባቡ በፊት በዕቃ ተግባብተዋል።

የመያዣ ስሞች ምን ይነግሩናል?

በቤታችን ያሉትን የመያዣ ስሞች ተራ በተራ ብንጠራቸው ብዙ ታሪክ ይወጣቸዋል። ቅሉ ከጓሮ ነው። ስልቻና አቁማዳው ከታረደ ከብት ቆዳ ነው። አኮፋዳው የቆሎ ተማሪ እንጀራ የሚለምንበት ነው። ዘንቢሉ ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ የገበያ ዕቃ ነው። በክልላችን የጉሙዝ ሴቶች ደግሞ ረዥም እንጨት ትከሻቸው ላይ አድርገው ሸክሙን በሁለቱ ጫፍ ያንጠለጥላሉ፤ ቅሉም ቅርጫቱም ለዚያ አያያዝ እንዲመች ሆኖ ይሠራል።

ከዚያ ጨርቁ መጣ። አቡጀዲድ የምንለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከውጭ በብዛት ይገባ የነበረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከሚልኩት አገሮች አንዷ አሜሪካ ነበረች። በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል ከሐሳቡ ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። አቡጀዲድ ልብስ ሆነ፣ ድንኳን ሆነ፤ ሲያረጅ ደግሞ ከረጢት ሆነ።

«ጆንያ» በዐረብኛው «ጁኒያ» ነው፤ በሱዳን ድንበር ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን «ማዳበሪያ» ነው። ቃሉ የመሬት ማዳበሪያ ማለት ነው። በ1960ዎቹ ዘመናዊ ማዳበሪያ ለገበሬው መታደል ከጀመረ በኋላ ገበሬው ዱቄቱን በማሳው ላይ በተነ፤ ሚስቱ ከረጢቱን አጥባ እህል ሞላችበት። ዛሬ «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» ስንል ስለ መሬቱ የሚያስብ የለም። ዱቄቱ ከመሬት ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ፤ ከረጢቱ ስሙን ወርሶ ቀረ። ይህን ያደረጉት በአብዛኛው ከረጢቱን አልጥልም ያሉ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ከረጢት ሁልጊዜ ከሌላ ነገር በተረፈ የሚሠራ መሆኑን ነው፤ ከታረደ ፍየል፣ ካረጀ ልብስ፣ ካለቀ ማዳበሪያ። ስለዚህ ወጪው ትንሽ ነው፤ ባይሸጥም ባለቤቲቱ ራሷ ትይዘዋለች እንጂ አትከስርበትም።

የበዓል ጌጥ ደግሞ የስጦታ ዕቃ ነበር

ስለ ማስጌጫውስ? ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። በጎጃምና በአካባቢው ልጃገረዶች በጳጉሜን መስክ ወርደው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው በእንቁጣጣሽ ከቤተሰቡ ራስና ከቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል በሚባለው በዓል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጫወታሉ። ወንዶች ልጆችም ለእንቁጣጣሽ መልአክና አበባ በወረቀት ሥለው በየጎረቤቱ ይዞራሉ፤ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣቸዋል። የታተመ ፖስት ካርድ በየሱቁ ሲበዛ በእጅ የተሣለው ቀነሰ።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ጌጦች አንዱም ለማያውቁት ሰው አይሠራም ነበር። ሠሪዋ የሚቀበላትን ሰው በስም ታውቀዋለች። ሣሩ በሳምንት ይደርቃል፤ ማንም አያዝንም፤ በዓመቱ ሌላ ይጎነጎናል። ጌጡ በዓሉን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ስለሚደርስ ጊዜው አያልፍበትም። የእኛ ኮከቦች ግን ጊዜ አለፈባቸው፤ ምክንያቱም የቀን መቁጠሪያው የሌላ ሰው ነበር።

በመካከሉ የቆመው ዳንቴል ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሥራውን ግን እናቶቻችን በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜና ከጎረቤት ተምረው የራሳቸው አደረጉት። የወንበር ልብስ፣ የሬዲዮ ልብስ፣ በኋላም የቴሌቪዥን ልብስ ሆነ። ዳንቴል የሚሸጠው ገዢዋ የሠሪዋን ቤት ስለምታውቅ፣ «ለእኔም እንደ እሷ አድርጊልኝ» ስለምትል ነው።

ሴቶች ተሰብስበው ሲሰፉ

ሴቶች በማኅበር ተሰብስበው መስፋትም የቆየ ነገር ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሴቶች ከልዕልት ፀሐይ ጋር ሆነው ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ መከላከያም የጨርቅ ጭንብል ይሠሩ ነበር። ለማን እንደሚሰፉ አንዳቸውም አልጠየቁም፤ ባላቸውና ልጃቸው ግንባር ላይ ነበሩ።

ሌላው ምሳሌ ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ናት። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ለብዙ ዘመን ድስት፣ ምጣድና ጀበና ሠርተው ለአካባቢው ሰው ይሸጡ ነበር። ቱሪስት ሲመጣ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችንም ጨመሩ። ይህ ጥሩ ገቢ አስገኘ፤ ስማቸውንም በዓለም አስጠራ። በደርግ ዘመን ቱሪስቱ ሲጠፋ ግን ለጎብኚ የተሠራው ምስል ገዢ አጣ፤ ድስት የሚፈልግ ጎረቤት ግን አልጠፋም። ሠሪዎቹ በአብዛኛው እስከ 1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ዛሬ በመንደሩ ሥራውን የያዙት ሌሎች ሴቶች ናቸው። ከዚህ የምንማረው ለውጭ ሰው መሥራት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ምስሉ ሳይሸጥ ሲቀር ድስቱ ያበላል ማለት ነው።

ወደ ሸርቆሌ ስንመለስ

ሸርቆሌ ስሟ በሩቅ የሚታወቀው በስደተኞች መጠለያዋ ነው። መጠለያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣ፣ በ2023 ደግሞ የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ሌሎች ብዙዎች በኩርሙክ በኩል ገቡ። የዕርዳታ እህል በመጣ ቁጥር ከረጢቱ አብሮ ይመጣል። እህሉ ያልቃል፤ ከረጢቱ በር መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የገበያ ቦርሳ ይሆናል። ከእኛ ጋር የሚሰፉ ስደተኛ እኅቶች ያመጡት አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ያረጀ ቶብ ቆርጠው ከውስጥ ገበር ያደርጉበታል። ቶብን የበርታ እናቶችም ስለሚለብሱት ቁራጩ በየቤቱ አለ። ከውጭ ሻካራው ማዳበሪያ፣ ከውስጥ ለስላሳው ቶብ። እንዲህ ያለውን ከረጢት የትም ገበያ አላየሁትም።

ደግሞ ጊዜው ረድቶናል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታሉ ከሱቅ ሲወጣ ሽንኩርቱን በምን እንይዛለን? ለዚህ ጥያቄ መልሱ በእጃችን ነው።

አዲስ ለምትጀምር እኅት ልኬቱን ልጻፍ። ወርዱ 44፣ ርዝመቱ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ ቁረጪ። ለሁለት እጠፊው፤ እጥፋቱ ታች ይሁን፤ ሸክሙን የሚችለው እሱ ስለሆነ እዚያ ስፌት አይኑር። ግራና ቀኙን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ትተሽ ሁለት ጊዜ ስፊ፤ አፉን አምስት ሳንቲ ሜትር አጥፊ። ማንጠልጠያው 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አራት እጥፍ ይሁን፤ ጫፉ የሚሰፋው አራት ማዕዘን ተደርጎ በመካከሉ መስቀለኛ ነው። ከረጢት ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ማዳበሪያ ከሆነ ጠርዙ ስለሚተረተር ሁለቴ ማጠፍ ግድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ካደረ ደግሞ ይሰባበራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከአሥር የሥራ ቀን ሰባቱን ለከረጢት እናድርግ፤ የመጀመሪያ ገዢያችንም የአሶሳና የሸርቆሌ ገበያተኛ ይሁን። ማስጌጫውን አንተወው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ለራሳችን በዓላት እንሥራ፤ ለዒድ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለሠርግ ቤት። የቡና ረከቦት ልብስና የበር ጌጥ የሚፈልግ ጎረቤት ሞልቷል።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ትእዛዛችሁን በደስታ እንቀበላለን። የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፦ ለታኅሣሥ የምትፈልጉትን በነሐሴ ንገሩን፤ የጨርቁን ዋጋም አስቀድማችሁ ላኩልን። እንዲህ ከሆነ ኪሳራው በወርቅ አጣቢዋ እኅታችን ቁጠባ ላይ አይወድቅም።

የተመለሱትን 90 ኮከቦች በተመለከተ፣ ከጎረቤቴ ጋር ሆነን እየፈታናቸው ነው። ቀይ ጨርቁ ለከረጢት የውስጥ ኪስ፣ ጥጡ ለመርፌ መትከያ እየሆነ ነው። እስካሁን ግማሹን ፈትተናል። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ያለቀ ማዳበሪያና አንድ ቁራጭ ቶብ ይዛችሁ ኑ፤ የቀሩትን ኮከቦች አብረን እንፈታለን።