ባለ16 ሌንሱ የኪስ ካሜራ ያስነሳው ጉጉትና ጥርጣሬ

ጥራት ያለው ፎቶግራፍ ለማንሳት ትልቅ ሌንስ ያለው ከባድ ካሜራ መሸከም ግድ እንደሆነ ለረጅም ዘመን ሲታመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2015 ላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንን እምነት የሚፈታተን ኤል 16 የተሰኘ ካሜራ ይፋ አደረገ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 በዴቭ ግራናንና በራጂቭ ላሮያ በካሊፎርኒያ የተመሠረተ ነበር።

ኤል 16 በአንድ ጠፍጣፋ አካል ላይ 16 ትናንሽ ካሜራዎችን ይዟል። በተለመደው የፊልም ካሜራ ስሌት 5ቱ የ28፣ 5ቱ የ70፣ 6ቱ ደግሞ የ150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል እይታ አላቸው። ሩቅ የሚያቀርቡት ሌንሶች ረዘም ያለ ቦታ ስለሚፈልጉ በአካሉ ውስጥ ተጋድመው የተቀመጡ ሲሆን፣ ብርሃኑን ወደ እነርሱ የሚያጥፈው መስታወት ነው።

አንሺው ቁልፉን ሲጫን ቢያንስ 10 ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ያነሳሉ። እያንዳንዳቸው ባለ13 ሜጋፒክስል የሆኑት ምስሎች በኮምፒዩተር ስሌት ተዋህደው እስከ 52 ሜጋፒክስል የሚደርስ አንድ ፎቶግራፍ ይሆናሉ። ሰው ዓይኖቹን በየተራ ሲጨፍን ቅርብ ያለው ነገር ቦታ የለወጠ እንደሚመስለው ሁሉ፣ ተራርቀው የተቀመጡት ሌንሶችም አንዱን ነገር በተለያየ አቅጣጫ ያዩታል። መሣሪያው ከዚህ ልዩነት ርቀትን ያሰላል። በዚህም ምክንያት ከፎቶው በስተጀርባ ያለውን ገጽታ የማደብዘዙ ሥራ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሊከናወን ይችላል።

ሐሳቡ ብዙዎችን ቢያጓጓም ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። የመጀመሪያው ጥያቄ የብርሃን መጠን ነው። ትንሽ ሌንስ የሚሰበስበው ብርሃን ትንሽ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ቢደመሩም በምሽት ከአንድ ትልቅ ሌንስ ጋር መስተካከላቸው አጠያያቂ ነበር። ሁለተኛው ምስሎቹን የማዋሃድ ችግር ነው። እንደ ፀጉርና ቅጠል ባሉ ቀጫጭን ነገሮች ጠርዝ ላይ ርቀቱ በስህተት ከተሰላ ምስሉ ይዛባል። ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ገዢዎች ካሜራውን በእጃቸው ሳይነኩ በ1 ሺህ 299 ዶላር አስቀድመው እንዲያዙ ተጠይቀዋል። ከዚያ ቀደም ሊትሮ የተባለው ኩባንያ ትኩረትን ከተነሳ በኋላ የሚለውጥ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ አቅርቦ ሰፊ ተቀባይነት አለማግኘቱ ጥርጣሬውን አባብሶታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የበጋ መጨረሻ እንደሚደርስ የተነገረለት ካሜራ ገዢዎች እጅ መግባት የጀመረው በ2017 አጋማሽ ነው። መደበኛ ዋጋውም 1 ሺህ 950 ዶላር ሆነ። በቂ ብርሃን ባለበት ዝርዝር የበዛበት ምስል መስጠቱ ታይቷል። ይሁን እንጂ ብርሃን ሲያንስ ድክመቱ ጎልቷል፤ ምስሎቹን በሚገባ ለማዋሃድም በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራምና ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር።

በዚህ መካከል የእጅ ስልኮች ገሰገሱ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ፕላስ ሁለት ሌንሶችን አቀረበ። ጎግል ደግሞ በአንድ ሌንስ በተከታታይ የተነሱ ምስሎችን በማዋሃድ ተመሳሳይ ግብ ተከተለ። የላይት ቴክኖሎጂም እ.ኤ.አ. በ2019 ባለ5 ካሜራ በሆነው ኖኪያ 9 ፒዩርቪው ላይ ውሏል። ኩባንያው በ2020 ከስልክ ሥራ ወጥቶ ለተሽከርካሪዎች ርቀት የሚለካ የእይታ ሥርዓት ላይ አተኮረ። በ2022 የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ጆን ዲር ባለሙያዎቹንና የፈጠራ መብቶቹን ወስዷል።

ስለ ብርሃንና ስለ ማዋሃድ የተነሳው ጥርጣሬ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የጉጉቱ ምክንያት የነበረው ስሌትም አልከሰመም፤ ዛሬ በበርካታ ስልኮች ውስጥ ይሠራል። በመሆኑም ካሜራ የሚመርጥ ሰው የሌንሶቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን የብርሃን መቀበያውን ስፋትና በደብዛዛ ብርሃን የተነሱ ምስሎችን ማየቱ ይጠቅመዋል።