ስጦታው ሲያበቃ፦ በነጻ የተሰጠ ሶፍትዌር ታሪክና የማኅበሮቻችን መዝገብ

ጁላይ 1 ቀን 2025 በእርዳታ ለሚሠሩ ድርጅቶች ሁለት በሮች ባንድ ቀን የተዘጉበት ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድ የውጭ እርዳታ ሥራውን በይፋ ያቆመው በዚያ ቀን ነው። ማይክሮሶፍትም ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በነጻ ይሰጣቸው ከነበሩት ፈቃዶች ሁለቱን፣ ቢዝነስ ፕሪሚየምንና ኦፊስ 365 ኢ1ን፣ የእድሳት ጊዜያቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲደርስ በነጻ እንደማያድስ አስታውቆ ነበር። ሁለቱ ውሳኔዎች አይገናኙም። በሁለቱም ለተነካ ጽሕፈት ቤት ግን ገንዘቡ በቀነሰበት ወቅት አዲስ ወጪ መጣ ማለት ነው።

«ይህ የትልልቆቹ ድርጅቶች ጣጣ ነው፤ እኛን ነጋዴዎቹን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እስቲ በየድንበሩና በየስደት ከተማው ያሉትን ማኅበሮቻችንን እንቁጠር፦ እድሩ፣ የነጋዴዎች ማኅበሩ፣ የሴቶች ቁጠባና ብድር፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ጽሕፈት ቤት፣ በአሜሪካ ያለው ኮሚዩኒቲ። ለትርፍ ያልቆሙ ተብለው የተመዘገቡ፣ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ያዛወሩና በስጦታ ፈቃድ የሚሠሩ በመካከላቸው አሉ። መዋጮውን ማን እንደከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤት ስንት እንደሚሰጥ የሚታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ሳይከፈት ቢቀር የሚጎዳው ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ አይደለም፤ ለዓመታት የከፈለ አባል ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። በእነዚህ አርባ ዓመታት ገደማ ውስጥ የተለወጠው የሰጪው ልብ ብቻ አይደለም፤ የስጦታው ዓይነት ራሱ ተለውጧል። ድሮ የሚሰጠው ዕቃ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው ያለ ኪራይ ሱቅ ውስጥ የመቀመጥ ፈቃድ ነው። የልዩነቱን ክብደት ከነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዕቃው ዘመን የጀመረው በዲስክ ነው። በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ ዳንኤል ቤን-ሆሪን የተባለ ጸሐፊ ኮምፑሜንቶር የተባለ ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ሥራው ኮምፒውተር የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተር ከገዙ ግን አጠቃቀሙን ከማያውቁ ትንንሽ ድርጅቶች ጋር ማገናኘት ነበር። ቀስ በቀስ ከኩባንያዎች የተለገሰ ሶፍትዌር እየተቀበለ ማከፋፈል ጀመረ። ይህ ድርጅት ነው በኋላ ቴክሱፕ በሚል ስም የታወቀው። ኩባንያው ይለግሳል፤ ቴክሱፕ ተቀባዩ በእርግጥ ለትርፍ ያልቆመ መሆኑን ያጣራል፤ ተቀባዩ ደግሞ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ከፍሎ ይወስዳል። በእኛ ቋንቋ ደላላው በመሃል ቆሞ ሁለቱን ወገን ያተማምናል።

በዚያ ዘመን በዲስክ የመጣ ፕሮግራም አንዴ ከተጫነ በኋላ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥም ሥራውን አያቆምም። በአገራችን የሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ ፒችትሪ ስሙ ከተለወጠ ከብዙ ዓመት በኋላም በአሮጌ ቅጂው ሲሠራበት የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ያረጃል እንጂ ከርቀት አይዘጋም።

ያም ሆኖ የዕቃው ዘመን ስጦታም የራሱ ወጪ ነበረው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቶችን ከኢንተርኔት ጋር ያገናኝ የነበረው ስኩልኔት ናሚቢያ ከማይክሮሶፍት የኦፊስ ስጦታ ቀረበለት። ኦፊስ በነጻ ነው፤ ኦፊስ የሚሠራበት ዊንዶውስ ግን የሚገዛ ነበር። ድርጅቱ አስልቶ ስጦታውን አልተቀበለም፤ በነጻው ሊኑክስ ሥራውን ቀጠለ። በነጻ የተሰጠን በሬ ለመንዳት መንገዱን መግዛት እንዳለበት ያየ ሰው ውሳኔ ነው።

የፈቃድ ወረቀት የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ደግሞ ሩሲያ ውስጥ ታየ። በጃንዋሪ 2010 ፖሊስ በኢርኩትስክ የሚገኘውን የባይካል ሐይቅ ተከራካሪ ድርጅት፣ ባይካል ኢንቫይሮንሜንታል ዌቭን፣ ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር ትጠቀማላችሁ ብሎ ኮምፒውተሮቹን ወሰደ። ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው ቢናገርም ኮምፒውተሮቹ አልቀሩለትም። ጉዳዩ በሴፕቴምበር በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ ማይክሮሶፍት በሩሲያና በሌሎች አገሮች ላሉ መሰል ድርጅቶች ሳይጠይቁ በጅምላ የሚሠራ ነጻ ፈቃድ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። ስጦታ አንዳንዴ ሰውን ከእስር ያድናል። የፈቃድ ማስረጃን እንደ ጉምሩክ ደረሰኝ አስተካክሎ መያዝ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከገበያ በርካሽ በተገዛ ክራክ የሚሠራ ማኅበር ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዓይነት አደጋ ይሸከማል።

ዘመኑ የተገለበጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ማይክሮሶፍት በጁን 2011 ኦፊስ 365ን አወጣ፤ በ2013 ደግሞ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በስጦታ መስጠት ጀመረ። ጉግልም በ2011 ለእነዚሁ ድርጅቶች የተለየ ፕሮግራም ከፈተ። ኢሜይሉ፣ የጽሑፍና የሒሳብ ሠንጠረዡ፣ የፋይል ማስቀመጫው ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ሆነ። ጥቅሙ ትልቅ ነበር። ሞያሌ ያለው ጸሐፊና ናይሮቢ ያለው ገንዘብ ያዥ አንዱን መዝገብ በአንድ ጊዜ ማየት ቻሉ። ኮምፒውተር ቢሰረቅ ፋይሉ አይጠፋም። ነገር ግን በዲስክ የመጣው ስጦታ ያልነበረው አንድ ነገር አብሮ መጣ፦ የእድሳት ቀን።

ከዚያ በኋላ መጥበብ ጀመረ። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ያልተገደበ ማስቀመጫ ይሰጥ የነበረውን በፌብሩዋሪ 2021 ለአንድ ተቋም በ100 ቴራባይት እንደሚጀምር አስታወቀ፤ ነባሮቹን ከጁላይ 2022 ጀምሮ ነካቸው። በዚያው በ2022 ድሮ በነጻ የተሰጠውን የጉግል አፕስ አገልግሎት ለንግድ ይጠቀሙ የነበሩት እንዲከፍሉ ተደረገ። በራሳቸው የድርጅት ስም ኢሜይል የነበራቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ይህን ያስታውሱታል። በ2025 ደግሞ ከላይ የጠቀስነው የማይክሮሶፍት ውሳኔ መጣ። ሁሉም ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል፤ ማንም ውል አላፈረሰም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቢዝነስ ፕሪሚየም እስከ 10 ሰው በነጻ ይሰጥ ነበር። ስጦታው ሲቆም የቀረበው የቅናሽ ዋጋ በሰው በወር 5.50 ዶላር ነው። ለ10 ሰው በወር 55፣ በዓመት 660 ዶላር ይሆናል። ሚኒሶታ ላለ ኮሚዩኒቲ ይህ የአንድ በዓል ዝግጅት ወጪ እንኳ ላይሆን ይችላል። አገር ቤት ግን ሌላ ነው። የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 መጨረሻ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 660 ዶላር 37,620 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር አልፏል፤ በ130 ብናሰላው እንኳ 85,800 ብር ይሆናል። ይህም ብሩ ኖሮ ዶላሩ ከተገኘ፣ ዶላሩም በውጭ አገር ካርድ መከፈል ከተቻለ ነው። የስጦታው መቆም ለሁሉም አንድ ቢሆንም ዕዳው ለሁሉም አንድ አይደለም።

ድርጅቶች የያዟቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንዱ ወደቀረው ነጻ ስጦታ መውረድ ነው። ማይክሮሶፍት ቢዝነስ ቤዚክን እስከ 300 ሰው አሁንም በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ቤዚክ በኢንተርኔት ማሰሻና በስልክ የሚሠራ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ወርድና ኤክሴል የለበትም። ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነው። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ያለ ወቅት መተማ ላይ ለተቀመጠ ጽሕፈት ቤት በኢንተርኔት ብቻ የሚከፈት መዝገብ የተቆለፈ መዝገብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የቅናሹን ዋጋ መክፈል ነው። እዚህ ላይ ለአሥሩም ሰው መግዛት ግድ አይደለም። ሒሳብ ለሚሠራውና ለጸሐፊው ሁለት ፈቃድ ገዝቶ ሌሎቹን በነጻው ቤዚክ ማስቀመጥ ይቻላል። በላይኛው ዋጋ ሁለት ሰው በዓመት 132 ዶላር ነው።

ሦስተኛው ከመነሻው የማንም ስጦታ ወዳልሆነ ሶፍትዌር መዛወር ነው። ሊብሬኦፊስ በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ማንም ሰው በነጻ ጭኖ፣ ገልብጦ፣ ለጎረቤቱም ሰጥቶ እንዲሠራበት ፈቃዱ ራሱ ይላል። ልዩነቱን የኡቡንቱ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከ2004 ጀምሮ የሚወጣውን ይህን የሊኑክስ ዓይነት ካኖኒካል የተባለው ኩባንያ በሲዲ አድርጎ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ ነበር። በ2011 ሲዲ መላኩን አቆመ። የቆመው ግን የፖስታው ስጦታ ብቻ ነው፤ የመጠቀም መብቱ አልተነካም። ቀድሞ ሲዲው የደረሰው ሰው መጠቀሙን ቀጠለ፤ አዲሱም ከኢንተርኔት አውርዶ ይጠቀማል። ይህ መንገድም ድካም አለው። ልማድ መለወጥ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ከኤክሴል የመጣ ሠንጠረዥ አልፎ አልፎ ሲዛባ ማስተካከል ይጠይቃል።

ከሦስቱም መንገዶች በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ ይህንንም የራሳችን የፊደል ታሪክ ያስተምረናል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ስሌት ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ጠፋ። የማኅበር መዝገብም እንዲሁ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ብቻ በሚያውቀው መልክ የተቀመጠ መዝገብ ከፕሮግራሙ ጋር ይኖራል፤ ከፕሮግራሙም ጋር ይሞታል። በተራ ሠንጠረዥ መልክ ወጥቶ የተቀመጠ ግን በማናቸውም ፕሮግራም ይከፈታል።

ስለዚህ የስጦታ ፈቃድ ያላችሁ ማኅበራት የእድሳቱን ቀን ዛሬውኑ እወቁ። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በማን እጅና በማን ስልክ ቁጥር እንደተያዘ ጠይቁ፤ ያዋቀረላችሁ ወጣት ወደ ሌላ አገር ሄዶ ከሆነ ሳይረፍድ ለሁለት ኃላፊዎች አዛውሩት። የስጦታውን ማረጋገጫና የምዝገባ ወረቀቱን አብራችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ደግሞ ገንዘብ ያዡ የአባላቱንና የመዋጮውን ዝርዝር በፍላሽ ይዞ ይምጣ፤ ፕሮግራሙ በሌለበት የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ በሁሉም ፊት ይክፈተው። ከተከፈተ አንዱን ቅጂ በወረቀት አትማችሁ ከማኅተሙ ጋር አኑሩት። ካልተከፈተ ደግሞ ፈቃዱ ገና በእጃችሁ ሳለ ማወቃችሁ ነው።