ከእግር ጣት እስከ ፔት ስካን፦ የዘገምተኛው ሊምፎማ ምስል

ፎሊኩላር ሊምፎማ ቀስ ብለው ከሚያድጉት የሊምፎማ፣ ማለትም የንፍፊት ካንሰር፣ ዓይነቶች ዋነኛው ነው። አንገት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት ያብጣል፤ አያምም፤ አንዳንዴም ሳይታከም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ረጅም ዓመታት አብሮት ይኖራል። ሆኖም ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ያህል ሕክምና በጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ያገረሽበታል። በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ካገረሸባቸው መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከሌሎቹ 90 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን የሁለቱም ወገን ሰዎች አይለያዩም።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ ለማየት የተደረገው ጥረት ረጅም ነው። በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ኪንሞንዝ የተባለው ቀዶ ሐኪም ያዳበረው ዘዴ ከእግር ይጀምር ነበር። በጣቶች መካከል ሰማያዊ ቀለም ይወጋል። ቀለሙ ክር የምታህለውን የሊምፍ ቧንቧ ሲያሳይ የእግር ጀርባ በትንሹ ይከፈትና በቀጭን መርፌ አዮዲን ያለበት ዘይት ቀስ እያለ ይገባል። ከዚያ ራጅ ይነሣል። ዘይቱ ንፍፊቶቹ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ሐኪሙ ደጋግሞ ራጅ እያነሣ ለውጡን ይከታተል ነበር። የአንጀት ዙሪያ ንፍፊቶች ግን በዚህ መንገድ አይታዩም ነበር።

ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን በ1971 የመጀመሪያዋን ታካሚ ካነሣ በኋላ የእግሩ መርፌ ቀስ በቀስ ቀረ። ሲቲ መጠንን በሚገባ ይለካል። ከሕክምና በኋላ የቀረው እብጠት ጠባሳ ይሁን ሕያው ካንሰር ግን አይለይም።

ይህን የለየው ስኳር ነው። ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሕዋሳት ግሉኮስን በብዛት እንደሚጠቀሙ አሳይቶ ነበር። በ1976 ብሩክሄቨን ላይ የተሠራ ጨረር አመንጪ ስኳር በአውሮፕላን ወደ ፊላዴልፊያ ተወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተሞከረ። ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስኳሩ ላይ የተያያዘው የፍሎሪን 18 ጨረር በ110 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል። በ2009 ደግሞ ባለሙያዎች በፈረንሳይዋ ዶቪል ተሰብስበው ስኳሩ የተከማቸበትን ቦታ አድምቆ የሚያሳየውን የፔት ስካን ምስል በአምስት ደረጃ መመዘን ጀመሩ። ዋናው መለኪያ ጉበት ነው፤ ከጉበት በልጦ የደመቀ ንፍፊት አራት ወይም አምስት ያገኛል።

ምስሉ ስለ ወደፊቱ መናገር የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አውስትራሊያዊቷ ጁዲት ትሮትማንና ባልደረቦቿ በ2014 የ246 ታካሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ከሕክምና በኋላ ምስላቸው ደማቅ ሆኖ ከቀረው መካከል አራት ዓመት በሽታው ሳይባባስ የቆዩት 23 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 63 በመቶ ነበሩ። በ2016 ሚሼል ሜኛንና ባልደረቦቹ ከሕክምና በፊት በሰውነት ውስጥ ያለውን ደማቅ ካንሰር በሙሉ ደምረው ለኩ። ከ510 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ የውኃ ጠርሙስ፣ የበለጠ የተገኘባቸው ቶሎ አገረሸባቸው።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማየው የጣሊያኑን ፎል12 ጥናት ነው። አንደኛው ቡድን ከኬሞ በኋላ እንደተለመደው ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት በመርፌ መውሰድ ቀጠለ። በሁለተኛው ፔት ስካናቸውና ረቂቁ የደምና የመቅኔ ምርመራቸው ንጹሕ የሆነላቸው መርፌው ቀረላቸው። በ2021 በታተመው ውጤት ሦስት ዓመት በሽታው ሳይባባስ የቆዩት በመጀመሪያው ቡድን 86፣ በሁለተኛው 72 በመቶ ሆኑ። ስለዚህ ፔት ስካንዎ ንጹሕ ነው ከተባሉ ይደሰቱ፤ ሐኪምዎ ያዘዘልዎትን ቀጣይ መርፌ ግን በዚያ ምስል ብቻ አያቋርጡ።