ዜና ሰባራ ድልድይ፦ በዓባይ ላይ ስለ ሆነው ፍርድና ምሕረት

ዐፄ ፋሲል በሞጣ ቆላ በዓባይ ላይ ስላሠሩት ድልድይ እንጽፋለን። ነገሩ ግን ከአባታቸው ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ይነሣል።

ነገሥታቱ ከዳዊት ወገን ነን ይሉ ስለ ነበር፥ ዜና ጸሓፊዎቻቸውም ሕዝቡን በእስራኤል ሚዛን ይመዝኑ ነበር። ሕዝብ ኪዳኑን ሲረሳ ለጠላት ይሰጣል፤ ሲጮኽ መስፍን ይነሣለታል። በዚህ ሚዛን የሱስንዮስ ዘመን ቀልሎ ተገኘ።

በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡ በካቶሊኩ ፓትርያርክ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ጳጳስ ሊገዙ ማሉ። ከዚያም ሕዝቡ እንደ አዲስ ይጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ አዲስ ይካኑ ተባለ። ቅዳሜን ማክበርና ልጅን መግረዝ ተከለከለ። አገሩ ከአብርሃም ጀምሮ የኪዳን ምልክት ነው ብሎ የያዘው ይህ ነበርና፥ ሰው ከሁሉ በላይ በዚህ ተቈጣ። ጎጃምን የያዙት የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ ግን በአዲሱ እምነት ከሁሉ በረቱ።

ደም አስቀድሞም ፈስሷል። በ1609 ዓ.ም. የንጉሡ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ተነሥቶ ወደቀ፤ የአገሩ ጳጳስ አቡነ ስምዖንም አብረውት ሞቱ። ኋላም ላስታ ከመልክአ ክርስቶስ ጋር ሸፈተ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡም ድል አደረጉ። ከላስታ ሰዎች 8,000 ያህል ረገፉ።

ከድሉ በኋላ መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል አሳለፏቸው። እነዚህ እስላምም አረመኔም አይደሉም፥ ወንድሞቻችን ናቸው፤ በዚህ ድል ደስታ የለም፥ ብለው ነገሯቸው። ይህን ሳነብ የብንያም ነገር ትዝ ይለኛል። እስራኤል ብንያምን መትተው 600 ወንዶች ብቻ ሲቀሩ፥ ከነገዳችን አንዱ ጎደለ ብለው በእግዚአብሔር ፊት አለቀሱ። ፍርድ ብዙ ጊዜ በባዕድ ሰይፍ ሳይሆን በራስ ድል ይመጣል።

ንጉሡም የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፤ ዘውዱንም ለልጃቸው ለፋሲል ሰጡ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። በእኔ ፍርድ የሱስንዮስን ታሪክ በክህደታቸው ብቻ መዝጋት አይገባም። ስንቱ ንጉሥ ነው ድል ባደረገ ማግስት ተሳስቻለሁ ያለ?

ፋሲል የሮምን እምነት ያስተማሩትን ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ ስዕለ ክርስቶስም ሥልጣናቸውን አጡ። በ1628 ዓ.ም. ጎንደር ተቈረቈረች፤ በ1652 ዓ.ም. አካባቢም የሞጣው ድልድይ ተሠራ። ኖራ አቃጥሎ ከአሸዋ ለውሶ ድንጋይ ማያያዝ በሱስንዮስ ዘመን ከባሕር ማዶ የገባ ጥበብ ነው፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይም በዚያው ዘመን ተሠርቷል። እነሆ፥ ሰዎቹ ተባረሩ፥ ኖራቸው ግን ቀረ። ስለዚህ ነገር እኔ ዝም አልልም።

ዕረፍትም አልሆነም። በፋሲል ዘመን ቅባትና ተዋሕዶ በተባሉት የሃይማኖት ወገኖች መካከል ክርክር ተነሣ፤ ጎጃም የቅባት አገር ሆነ። ነገሩ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፥ እስከ 1870 ዓ.ም.፥ አገሩን ሲያውክ ኖረ። ባዕድን ያባረረ ሕዝብ እርስ በርሱ ተለያየ፤ ከነዌ ልጅ ከኢያሱ ሞት በኋላ በእስራኤል እንደ ሆነው ማለት ነው።

ድልድዩ ግን ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ቈየ፤ ነጋዴውም ተሳላሚውም ተሻገረበት። ጣልያን በመጣ ጊዜ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፥ በሞጣ በኩል ልጅ ኃይሉ በለው ዱር ገብተው ተዋጉ። በዚያ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር የአገሩ ሰዎች የድልድዩን መካከለኛ ቅስት አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ጠላት ከሄደ በኋላም ቅስቱ ለብዙ ዓመታት አልተጠገነም። መንገደኛው ወገቡን በገመድ ይታሰር ነበር፤ ከወዲህ ያሉ ቀስ እያሉ ይለቁለት፥ ከወዲያ ያሉ ይስቡት ነበር፤ ከእግሩ በታች ዓባይ ይጮኽ ነበር። ባሏን ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት፥ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ በሽተኛ፥ ሁሉም ነፍሱን ለማያውቀው ሰው እጅ ሰጥቶ ይሻገር ነበር። ኪዳን ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ገመዱን የያዘ አይለቅም።

በ1994 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጡ በጎ አድራጊዎች ከአገሩ ሰው ጋር ሆነው በፈረሰው ቅስት ላይ ብረት ዘረጉ። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ጎርፍ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ከድሮው ድልድይ ሌላ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ፤ የሞጣና የእስቴ ሰውም በዚያ ይሻገር ጀመር።