የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኢፌክቶች አደረጃጀት በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር

የመሣሪያዎችና የኢፌክቶች አደረጃጀት ማለት በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ዘፈን የተሠራባቸውን ድምፆች በትራክ፣ በቡድንና በሚክሰር መስመር ከፋፍሎ፣ ስም ሰጥቶና የድምፃቸውን መንገድ ወስኖ የማስቀመጥ ሥራ ነው። ድምፆቹ በማይክሮፎን የተቀዱ ወይም በኮምፒውተር የተፈጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያከናውነው አቀናባሪው ነው። በዘፈኖች መግለጫ ላይ «ቅንብር»፣ «ሚክሲንግ» እና «ማስተሪንግ» ተብለው ለየብቻ የሚጻፉትን ሥራዎች በአነስተኛ ስቱዲዮ አንድ ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሊሠራቸው ይችላል። አደረጃጀቱ በድምፁ ጥራት፣ በኮምፒውተሩ ፍጥነትና ዘፈኑ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሊከፈት በመቻሉ ላይ ለውጥ ያመጣል።

ታሪክ

መሣሪያዎችን እርስ በርስ ለማገናኘት የሚያገለግለው የሚዲ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በአንድ ገመድ 16 ቻናሎችን የሚያስተላልፍ ሲሆን የሚይዘው የተቀዳ ድምፅ ሳይሆን የትኛው ኖታ፣ መቼና በምን ኃይል እንደተመታ የሚገልጽ መረጃ ነው። የጀርመኑ ስታይንበርግ ኩባንያ ኩቤዝን በ1989 ለአታሪ ኮምፒውተር አወጣ። በ1996 ደግሞ ቪኤስቲ የተባለውን የፕለጊን ደንብ አስተዋወቀ፤ በ1999 የወጣው ሁለተኛው እትም ከኢፌክት በተጨማሪ መሣሪያዎችንም በሶፍትዌር መልክ ለመጠቀም አስቻለ። ከዚያ በኋላ ሪዝን በ2000፣ ኤብልተን ላይቭ በ2001 ወጡ።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ አንድ ሰው ብዙ መሣሪያዎችን ብቻውን እየደራረበ መሥራቱ ከእነዚህ ሶፍትዌሮች የቀደመ ነው። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አልበም ሠርቷል። ከ2010ሮቹ ጀምሮ ደግሞ እንደ እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ሙዚቀኞች የአገር ቤት ድምፆችን በኮምፒውተር ቅንብር ውስጥ በማስገባት ታውቀዋል።

የድምፅ መንገድ

ድምፅ ከምንጩ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መውጫ የሚሄድበት መንገድ በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች ተመሳሳይ ነው።

ትራክ፦ አንድ መሣሪያ ወይም አንድ ድምፅ የሚቀመጥበት መስመር ነው።
ኢንሰርት፦ በአንድ መስመር ላይ በቀጥታ የሚገባ ኢፌክት ነው፤ የመስመሩ ድምፅ በሙሉ በእሱ ውስጥ ያልፋል።
ሴንድ፦ የድምፁን ቅጂ በተፈለገው መጠን ወደ ሌላ መስመር የሚልክ ነው። ዋናው ድምፅ መንገዱን ይቀጥላል።
ባስ ወይም ቡድን፦ ብዙ ትራኮች ተሰብስበው አብረው የሚስተካከሉበት መስመር ነው።
ማስተር፦ ሁሉም የሚገናኙበት የመጨረሻ መስመር ነው።

ኢኳላይዘርና ኮምፕረሰር አብዛኛውን ጊዜ በኢንሰርት፣ ሪቨርብና ዲሌይ ደግሞ በሴንድ ይገባሉ። በሃያ ትራኮች ላይ ሃያ ሪቨርብ ከመክፈት አንድ ሪቨርብ ከፍቶ ሃያዎቹን ወደ እሱ መላክ የፕሮሰሰሩን ጫና በእጅጉ ይቀንሳል። በተጨማሪም ድምፆቹ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው የተቀዱ ያስመስላል።

የኢፌክቶች ቅደም ተከተል

ኢፌክቶች የሚደረደሩበት ተራ ውጤቱን ይለውጣል። በክራር ላይ ዲስቶርሽን ከሪቨርብ በፊት ቢገባ የሻከረ ክራር በሰፊ ክፍል ውስጥ ይሰማል፤ ተራው ቢገለበጥ ግን የሚሻክረው የክፍሉ ማስተጋባት ጭምር ስለሆነ ድምፁ ይደበላለቃል። አላስፈላጊ ዝቅተኛ ድምፆችን በኢኳላይዘር ቆርጦ ወደ ኮምፕረሰር ማሳለፍም የተለመደ ነው፤ አለዚያ ኮምፕረሰሩ በማይክሮፎኑ ላይ ለደረሰ ንዝረት ሁሉ ይሠራል።

ለአንድ መሣሪያ የሚበጀው ሰንሰለት ለሌላው ላይበጅ ይችላል። አሥር አውታር ያለው በገና የሚታወቅበት ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። ጫጫታን የሚቀንስ ፕለጊን ይህን ንዝረት እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያደበዝዘው፣ ኖይዝ ጌት ደግሞ እየቀነሰ የሚሄደውን የድምፁን ጅራት ሊቆርጠው ይችላል። በዚህ ምክንያት በበገና ትራክ ላይ ሁለቱም ባይገቡ ወይም በጥንቃቄ ቢገቡ ይመረጣል።

በቡድን ማደራጀት፦ የጉራጌ ዘፈን ምሳሌ

ከወልቂጤና ከቡታጅራ እስከ አረቅጥ በሠርግና በበዓል የሚሰማው የጉራጌ ጭፈራ ፈጣን ምት፣ ጭብጨባና የተቀባዮች ድምፅ ያለበት በመሆኑ ለአደረጃጀት ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ዘፈን በአምስት ቡድን ሊከፈል ይችላል፦

1. ምት፦ ከበሮ፣ ጭብጨባና ድራም
2. ባስ ጊታር
3. ዜማ መሣሪያዎች፦ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ክራር
4. መሪ ድምፅ
5. ተቀባዮች

ጭብጨባውን የሚቀዱት ጥቂት ሰዎች ከሆኑ ደጋግሞ በመቅዳት ትራኮቹን በግራና በቀኝ መበተን የብዙ ሰው ስሜት ይሰጣል። አንዱን ትራክ እየገለበጡ መደርደር ግን ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያበዛውም። ከበሮውና ባስ ጊታሩ ሁለቱም ዝቅተኛ ድምፅ ስላላቸው አንዱ ሌላውን እንዳይሸፍን በኢኳላይዘር ቦታ ይለያሉ።

በፈጣን ዘፈን ሪቨርብም ልክ ይፈልጋል። በደቂቃ 140 ምት በሚሄድ ዘፈን ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 0.43 ሴኮንድ ያህል ነው። 2 ሴኮንድ የሚቆይ ሪቨርብ ከአራት ምት በላይ ስለሚሸፍን ጭብጨባውን ያድበሰብሰዋል። ለምት ቡድኑ አጭር፣ ለመሪ ድምፁ ረዘም ያለ ሪቨርብ በተለያየ ሴንድ መክፈት መፍትሔ ይሆናል።

ቅኝትና ሚዲ

የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው። ሶፍትዌሮች ግን ሲከፈቱ ስምንተኛውን በ12 እኩል ክፍሎች የሚከፍል ቅኝት ይዘው ይመጣሉ። ማሲንቆና ዋሽንት በድምፆች መካከል ስለሚንሸራተቱ በሚዲ ሲሠሩ የፒች ቤንድ ትእዛዝ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ትእዛዝ በአንድ ቻናል ላይ ያሉትን ኖታዎች በሙሉ ስለሚያንቀሳቅስ፣ የሚንሸራተት መሣሪያ ከሌላ ጋር ቻናል መጋራት የለበትም።

ስያሜ፣ ጫናና ማስቀመጥ

«ኦዲዮ 17» የሚል ትራክ ከወራት በኋላ ለከፈተው ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ጭብጨባ ግራ 2» ግን ይናገራል። ለየቡድኑ አንድ ቀለም መስጠትና ባዶውን አደረጃጀት በቴምፕሌት አስቀምጦ ለቀጣዩ ዘፈን መጠቀም ጊዜ ይቆጥባል።

በቀረጻ ጊዜ በፈርው ዝቅ ይደረጋል፤ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ሲቀዳ የ128 ናሙና በፈር 2.9 ሚሊሴኮንድ ያህል፣ የ1,024 ደግሞ 23 ሚሊሴኮንድ ያህል መዘግየት ይፈጥራል። በሚክሲንግ ጊዜ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከባድ ፕለጊን ያለባቸውን ትራኮች «ፍሪዝ» በማድረግ ለጊዜው ወደ ተቀዳ ድምፅ መለወጥም ደካማ ኮምፒውተርን ይረዳል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አውቶማቲክ ማስቀመጫውን ማብራት ያስፈልጋል።

የፕሮጀክት ፋይል ብቻውን ዘፈኑን አያድንም፤ የተሠራበት ፕለጊን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ድምፁ አይሰማም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትራክ ከዘፈኑ መጀመሪያ ተነሥቶ በዌቭ ፋይል ለየብቻ ይወጣል። ባለ 24 ቢት፣ ባለ 44,100 ናሙና ነጠላ ትራክ ለ4 ደቂቃ 32 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 20 ትራክ ያለው ዘፈን በ635 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይጠቃለላል። ይህም በአንድ ፍላሽ ላይ ብዙ ዘፈኖችን ወደ ሌላ ስቱዲዮ ለመላክ ያስችላል። የዘፋኙ ድምፅም ሶፍትዌሩ ከገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ በማንኛውም ፕሮግራም ሊከፈት ይችላል።