ሃሙም ድምፁም ከአንድ ጥቅል

የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ተሰክቶ፣ ገና ጣት ክሩን ሳይነካው፣ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል። ጊታሪስቶች ሃም ይሉታል። የሚመጣው ከግድግዳው መብራት ነው። እኛ አገር መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ሃሙ ወደ ሶል ኖታ ይጠጋል፤ አሜሪካ ደግሞ 60 ጊዜ ስለሆነ በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ይወድቃል። ያው ጊታር አገር ሲቀይር ሃሙ ቅኝቱን ይቀይራል ማለት ነው።

ታዲያ መሐንዲሶች ከ90 ዓመት በላይ የለፉበት ዕቃ ይህን ድምፅ እስካሁን ለምን ተሸክሞ ይዞራል? ማጥፋት ስላቃታቸው አይደለም። ማጥፊያው ከተገኘ ቆይቷል።

ነገሩ የጀመረው ድምፅ ከማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ትልቅ ባንድ መሃል የገባን ጊታር መለከቱና ከበሮው ይውጡት ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሃዋይ ጊታር ይጫወት የነበረው ጆርጅ ቢቻም በ1931 ፒክአፕ የተገጠመለት ጊታር ይዞ መጣ። ቀጥሎ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ለገበያ ያቀረቡት የአሉሚኒየም ጊታር ከቅርፁ የተነሳ «መጥበሻው» የሚል ስም ወጣለት። ፓተንቱ የተሰጠው በ1937 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማግኔት አለ፤ አጠገቡ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ተጠቅልሏል። የብረት ክር በላዩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያወዛውዘዋል፤ የሚወዛወዝ መስክ ደግሞ ሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። አምፕሊፋየሩ ጋ ደርሶ ድምፅ የሚሆነው ይሄ ቮልቴጅ ነው። ልብ በሉ፣ ፒክአፕ እንደ ማይክሮፎን አየር ላይ ያለውን ድምፅ አይደለም የሚያዳምጠው። የጅማት ወይም የናይለን ክር ያለው ክራር ላይ ብትገጥሙት የክሩን ንቅናቄ አያውቀውም። የሚያውቀው የሚወዛወዝ የማግኔት መስክን ነው። ችግሩም እዚሁ ጋ ነው፦ የትራንስፎርመሩም መስክ ይወዛወዛል። ጥቅሉ «ይሄ ሙዚቃ ነው፣ ይሄ መብራት ነው» ብሎ አይለይም።

ድምፁን ማጉላት ከፈለጋችሁስ? ዙር መጨመር ነዋ! እያንዳንዱ ዙር የራሱን ትንሽ ቮልቴጅ ያዋጣል። ጊብሰን በ1946 ያወጣው ፒ-90 የተባለ ፒክአፕ 10,000 ዙር ገደማ አለው፤ በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ፒክአፕ ደግሞ 8,000 ገደማ። ግን ዙሩ በጨመረ ቁጥር ሃሙም አብሮ ይጨምራል፤ ለሁለቱም የሚያገለግለው ያው ሽቦ ነውና። ሌላም ዋጋ አለው፦ ዙር የበዛበት ጥቅል ላይኞቹን፣ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ማሳለፍ ይከብደዋል። ፒ-90 ወፍራምና ጉልበተኛ፣ ስትራቶካስተር ጥርት ያለ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የጊብሰን ፋብሪካ በነበረበት በካላማዙ፣ ሚሺጋን፣ ሴዝ ላቨር የሚባል መሐንዲስ ነበር። በ1955 የፓተንት ማመልከቻ ያስገባበት መላ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደስ ይላል። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አስቀምጡ። የአንዱን ጥምጥም በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጉት፤ ማግኔቱንም ገልብጡት። አሁን በሂሳብ ምልክት አስቡት። የክሩ ሲግናል ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፦ በጥምጥሙ አንዴ፣ በማግኔቱ አንዴ። ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ ጥቅሎች ሲግናል ይደመራል። ሃሙ ግን ከውጭ የመጣ ስለሆነ ለማግኔቱ መገልበጥ ደንታ የለውም። የሚገለበጠው በጥምጥሙ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የአንዱ ጥቅል ሃም የሌላውን ያጠፋዋል።

ስሙ ሃምባከር ተባለ፤ በ1957 ጊብሰን ጊታሮች ላይ ታየ። ፓተንቱ እስከ 1959 ስላልተሰጠ ከሥሩ «ለፓተንት አመልክተናል» የሚል ተለጣፊ ነበረበት። በዚያው ሰሞን ሬይ በትስ የተባለ ሰው ለግሬች ኩባንያ በተመሳሳይ ሐሳብ ሌላ ፒክአፕ ሠርቷል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ መዘጋት ነበረበት። ሃሙ ጠፍቷል፤ ሁለቱ ጥቅሎች ስለሚደመሩ ጉልበቱም ጨምሯል። ግን ሁለት ጥቅል አንዱን ክር በሁለት ቦታ ነው የሚያዳምጠው። ክሩ ላይ ያሉት አጫጭር ሞገዶች አንዱ ጥቅል ጋ ወደ ላይ ሲሆኑ ሌላው ጋ ወደ ታች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ እነሱም እንደ ሃሙ ይጠፋፋሉ። ሃሙን የሚያጠፋው ያው ድምር ከሙዚቃውም ላይ ይቆርሳል።

ፌንደሮች መላውን አያውቁትም ነበር እንዳትሉ። በዚያው በ1957 የፕሪሲዥን ቤዛቸውን ፒክአፕ ለሁለት ከፍለው ሃሙን እንዲያጠፋ አድርገውታል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሁለት ሁለት ክር ብቻ ያዳምጣል። ስትራቶካስተር ግን በነጠላ ጥቅሉ ቀጠለ። በኦገስት 1969 ጂሚ ሄንድሪክስ ዉድስቶክ መድረክ ላይ የያዘው እሱን ነበር።

እኛ ሶፍትዌር የምንጽፍ ሰዎች ኖይዝ ስናይ እጃችን ይበላናል። ዳታ እናጣራለን፣ ፎቶ እናለሰልሳለን፣ ከስልክ ጥሪ ጀርባ ያለውን የመንገድ ድምፅ እንቆርጣለን። ላቨርም ትክክል ነበር፤ የሠራው ፒክአፕ ግማሹን ሮክ ተሸክሟል። እኔን የሚገርመኝ ግን ማጣሪያው እጃቸው ላይ እያለ፣ ምን እንደሚጥል ሰምተው «እሱስ ይቅርብኝ» ያሉት ሰዎች ናቸው። ሃሙን ወደውት አይደለም። የሚፈልጉት ጥራት ከእሱ ጋር በአንድ ሽቦ ስለሚመጣ ነው።

አሁንም ጊታራቸውን ውስጡን በመዳብ ፎይል ይሸፍናሉ፤ አንዳንዱን ጩኸት ይቀንሳል፣ የትራንስፎርመሩን መስክ ግን አያቆመውም። ጥቅል እንደ አንቴና አቅጣጫ ይመርጣል። ስለዚህ መድረክ ላይ ባለ ነጠላ ጥቅል ጊታር የያዘ ሰው፣ ዘፈኑ ጋብ ሲል ከአምፕሊፋየሩ ትንሽ ዞር ብሎ ሲቆም ካያችሁት፣ ለፎቶ ላይሆን ይችላል። ሃሙ የሚያንስበትን ማዕዘን እየፈለገ ነው።